የማርታ ግራ እጅ

«ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠህ ገጠምከውኮ!» አሉ ቄሱ፣ በካቴድራሉ አዲስ መስኮት ላይ ወጥ የምታማስለውን ቅድስት ማርታን እየጠቆሙ። «ቅድስት በግራዋ ታማስላለች እንዴ? በል አውርደው!»

መስታወት ሠሪው ሬኖ አቀረቀረ። ሚስቱን ኦዴሊንን ግን ገረማት። ቀለሙን የምትበጠብጥለት እሷ ናት፤ ሲሳሳት አይታው አታውቅም። ጠጋ ብላ መስታወቱን ከካቴድራሉ ውስጥ ሆና በቀኝ ጣቷ ዳሰሰች። ቀለም የሚቀባው በውስጥ በኩል ነውና፣ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ልስልስ ይላት ነበር። ጣቷን ግን ቀለሙ ሻከራት። ዘወር ብላ ባሏን አየችው፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«አልተሳሳተም፣ አባ» አለች። «ሴትዮዋ ግራኝ ናት።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

ኦዴሊን ሰው እንዳይሰድባት ከልጅነቷ ጀምሮ ከሽርጧ ሥር የምትደብቀውን ግራ እጇን አወጣችና፣ የባሏን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።