ኮምፒውተሩ "አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል" አለ

"ቦስ... አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል!"

ፍራንሲስ ይህን ሲል ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም።

ሠራተኞቹ በሙሉ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ጎርፍ የመጋዘኑን የኋላ ግድግዳ ገፍቶ ጥሎታል... ግድግዳው ሥር የነበረው የሩዝ ክምርም አብሮ ተንዷል።

ሁሉም ሮጠው ወጥተዋል። ቢያንስ የወጡ መስሏቸዋል...

"ማነው የቀረው?" አለ የመጋዘኑ ባለቤት መሐዲ።

"ጃልደሳ።"

"እኔ?! እኔማ ይኸው እዚህ ነኝ!" አለ ተሸካሚው ጃልደሳ፣ ከሰው መሀል እጁን አውጥቶ።

በዚያ ድንጋጤ መሀል እንኳ ሰው ሳቀ።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ነው... ኬንያዋ ሞያሌ ውስጥ።

መሐዲ ሩዝ፣ ስኳርና ሳሙና በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ዕቃ እየጠፋ ሲያስቸግረው አር.ኤፍ.አይ.ዲ የሚባለውን ቴክኖሎጂ ከናይሮቢ አስመጣ። ባለሙያው ፍራንሲስም አብሮ መጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጆንያና ካርቶን ላይ ትንሽ መለያ ትለጠፋለች። በሩ ላይ ያለው ማሽን በሬዲዮ ሞገድ ያነባታል። ምን ገባ? ምን ወጣ? ማንም ሳይቆጥር ኮምፒውተሩ ያውቀዋል።

እውነት ለመናገር መጋዘኑ ሌላ መጋዘን ሆነ! ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ርክክብ፣ ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ማለቅ ጀመረ።

መሐዲ ግን ዕቃው ላይ አላበቃም። የሠራተኞቹ የሥራ ጃኬት ላይም መለያ አሰፋ።

"ጃኬቱን ለሌላ የሰጠ፣ መለያ የሌለው ሰው ያስገባ... በዚያው ቀን ይሰናበታል!" አለ።

ቀልዱን አልነበረም። ሻሮ የሚባል ተሸካሚ ወንድሙን ይዞ ገብቶ ነበር... የዚያኑ ቀን ማታ ሥራ የለውም።

እንግዲህ ወደ ዝናቡ እንመለስ...

"ይኸው ማሽንህ!" ብሎ ጮኸበት መሐዲ ፍራንሲስ ላይ። "ፊቴ የቆመውን ሰውዬ ውስጥ ነው ይለኛል! በሩን ዝጉት፣ የቀረውም ግድግዳ ሳይወርድ!"

"ቦስ፣ ማሽኑ አልተሳሳተም። ጃኬቱ ገብቷል... አልወጣም።"

ጃልደሳ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ጃኬት አልለበሰም።

ጎዶማ መንደር ያሉት ሚስቱና ልጆቹ የሚበሉት ከዚህ ሥራ ነው። አሁን አንድ ቃል ከተነፈሰ ሥራው አለቀ። ዝም ቢልስ? ማንም አያውቅበትም። "ማሽኑ ተበላሽቷል" ተብሎ በሩ ይዘጋል...

ጃልደሳ ግን አላመነታም።

"ቦስ... ጃኬቴን ለሰው ሰጥቻለሁ! አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጥበቃው መለያ የለዎትም ብሎ መልሷቸው፣ አጥር ጥግ ቆመው ዝናብ ሲደበድባቸው አየሁ። ይንቀጠቀጣሉ። ጥበቃው ዞር ሲል ጃኬቴን አልብሼ ሩዙ ጋ አስቀመጥኳቸው! ከሰው ጋር ሮጠው የወጡ መስሎኝ ነበር!"

"ደንቡን አታውቅም?!"

"አውቃለሁ። ነገ ያባርሩኝ... አሁን ግን ሰውዬውን እናውጣ!"

መልስ አልጠበቀም። ሮጦ ገባ።

ፍራንሲስ መለያ የሚያነበውን የእጅ ማንበቢያ ይዞ ተከተለው። ከዚያ ሌሎቹ... በመጨረሻ መሐዲም።

ውስጡ ጨለማ ነው። አቧራና ውሃ። የተናደው ክምር ደግሞ ሰፊ ነው... ከየት ይጀመር?

ፍራንሲስ ማንበቢያው የጃልደሳን ጃኬት ብቻ እንዲፈልግ አዘዘውና በጆንያዎቹ ላይ ቀስ እያደረገ አዞረው።

ምንም የለም...

ምንም የለም...

ጢጥ!

"ሃፓ! ሃፓ! እዚህ ነው!" ብሎ ጮኸ ፍራንሲስ፣ ስዋሂሊ ቀላቅሎ።

ጆንያውን እየተቀባበሉ አነሱት። መሐዲ ራሱ ሸሚዙ ጭቃ እስኪሆን ተሸከመ። ታች ሲደርሱ ሁለት ጆንያዎች ተደጋግፈው ትንሽ ክፍተት ሠርተዋል። ሽማግሌው እዚያ ውስጥ ተጣጥፈው ተኝተዋል። እግራቸው ተሰብሯል... ግን ይተነፍሳሉ!

ጃልደሳ ቀስ አድርጎ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞረ።

መሐዲ የያዘውን ጆንያ ጥሎ ወደ ሽማግሌው ተንደረደረ።

"አባዬ...!"

አዎ። የገዛ አባቱ ነበሩ።

አባቱ የሚኖሩት ቦሪ የሚባል መንደር ነው። መሐዲ ሄዶ ካያቸው ዓመታት አልፈዋል። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል ሁሌ። ናፍቆቱ ሲብስባቸው በጭነት መኪና ተሳፍረው ራሳቸው መጡ። ጥበቃው አያውቃቸውም። ጃልደሳም አያውቃቸውም። "ማንን ፈልገው ነው?" ሲላቸው "ሰው እጠብቃለሁ" ብቻ ነው ያሉት።

ሆስፒታል ውስጥ መሐዲ አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ ጠየቃቸው።

"አባዬ፣ ምነው የመሐዲ አባት ነኝ ቢሏቸው?"

"ብላቸውማ ይከፍቱልኝ ነበር" አሉት። "ያ ልጅ ግን ሳልነግረው ነው የከፈተልኝ።"

መሐዲ አለቀሰ።

ማሽኑ ዛሬም... ይቅርታ፣ እስከማውቀው ድረስ ለዓመታት ሠርቷል። ደንቡ ግን በዚያው ሳምንት ተቀየረ። በሩ አጠገብ "እንግዳ" የተባለ መለያ ያላቸው ጃኬቶች ተሰቀሉ፤ የመጣ ሰው ሁሉ አንዱን ለብሶ ይገባል። ሻሮ ወደ ሥራው ተጠራ። ጃልደሳ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆነ። መሐዲም ቦሪ የሚያደርሰውን መንገድ ለመደው።

ወዳጆቼ... ያ ማሽን ባይኖር ማንም ዞር ብሎ አይፈልጋቸውም ነበር። ጃልደሳ እውነቱን ባይናገር ደግሞ ማሽኑን የሚያምነው አልነበረም። ዘመናዊ መሣሪያ አትፍሩ፣ አስገቡ፣ ተጠቀሙ! ግን ደንብ ስታወጡ ለሰው ርኅራኄ ቦታ ተዉለት። ነገ በዚያ ቦታ የሚገባው የማን አባት እንደሆነ አታውቁም።

እስቲ እናንተ በጃልደሳ ቦታ ብትሆኑ... እንጀራችሁን እያሰባችሁ ዝም ትላላችሁ? ወይስ ትናገራላችሁ?

ከልባችሁ መልሱ... ኮመንት ላይ እያነበብኩ ነው።