ሦስት ጣት ወደ ቀኝ

የመጋዘን ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ማውሱን እስከ ላይኛው ግራ ጥግ ወሰዱና ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ገፍተው ተጫኑ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ የነበረው የመመዝገቢያው ቁልፍ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን የኮምፒውተር ባለሙያዋ የሜኑውን ተራ ቀይራው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ የእሱ ማጽደቂያ ከሁሉም ይቅደም ብሎ በሁለት ስብሰባ አስወስኗል። በመመዝገቢያው ቦታ መሰረዣው ገብቶ ነበርና የጠዋቱ ርክክብ በሙሉ ከስክሪኑ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ሰረዙት እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከጀርባቸው ቆሞ እየሳቀ። «መነጽሩ ለጌጥ ነው እንዴ? ነገ ውልዎን የማድሰው እኔ ነኝ፤ እንዳያሳፍሩኝ።»

«እንግሊዝኛው ነው ያሳሳተኝ። ወደኛ ቋንቋ አዙሪልኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ የቋንቋዎቹን ዝርዝር ከፈተች። ከመቸኮሏ የተነሳ አንድ መስመር ስታ ተጫነች፤ ሜኑው ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ሆነ። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ፊታቸው ፈካ አለ።

«እሰይ፣ ተባረኪ። አሁን እያንዳንዷ ፊደል ጥርት ብላ ታየችኝ።»

ከጀርባቸው ሳቁ ተቋረጠ። ባለሙያዋ ሜኑውን በመዳፏ ልትጋርድ እጇን ዘረጋች፤ ሥራ አስኪያጁ ግን በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አይቶታል። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ኃላፊው፣ ማውሱን ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኝ እየገፉ።