ለጄኔሬተሩ የተተከለ ጽጌረዳ

ጋሽ ኤርሳዶ «የታመመው ማሽኑ ነው» ይላሉ። ሳና ደግሞ «ማሽኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከታች፣ ከመሬቱ ነው» ትላለች። እሳቸው የሆስፒታሉን ጄኔሬተር ለዓመታት ሲያስነሱና ሲያጠፉ የኖሩ ናቸው፤ እሷ መካኒክ ናት፤ ማሽኑን ከመሠረቱ ጋር ያስር የነበረውን የተበጠሰ ብሎን በመዳፏ ይዛለች። ወጣቱ መሐንዲስ አብዲሳ ሁለቱንም እስኪጨርሱ ሰማቸው።

ከግድግዳው ማዶ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያዎቹ የሚሠሩት በዚህ ጄኔሬተር ነው፤ ሌላ የላቸውም።

አብዲሳ ውሃ ልኩን የኮንክሪቱ መሠረት ላይ አስቀመጠ። በውስጡ ያለችው አረፋ ከፍ ወዳለው፣ ወደ መስኮቱ ወገን ሸሸች።

«አየህ? መሠረቱ በዚያ በኩል ተነስቷል» አለች ሳና። «አዲስ ብሎን ብናስገባም ይበጥሰዋል።»

«ታዲያ ታሟል ስል ምን አጠፋሁ?» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ።

ወደ ውጭ ወጡ። በመስኮቱ ሥር ጽጌረዳዎቹ ፈክተዋል፤ አፈሩ እርጥብ ነው። የገርጂ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ የተሸከመውን ሁሉ ሽቅብ ይገፋል። አበቦቹ የማን እንደሆኑ ሦስቱም ያውቃሉ።

አለም የምትባል እናት የተከለቻቸው ናቸው። ልጇ ዮሃና ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ማሞቂያ ውስጥ ሳለች መብራት ሲጠፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ያቆያት ይህ ጄኔሬተር ነው። አለም ለመድኃኔዓለም የተሳለችውን ጥላ አስገባች፤ ለጄኔሬተሩ ደግሞ ጽጌረዳ ተከለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታጠጣለች።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። በአንድ እጇ ዮሃናን፣ በሌላው የውሃ ጎማውን ይዛ ብቅ አለች።

«ጋሽ ኤርሳዶ፣ ሙሽራው እንዴት ሰነበተ?» አለች እንደ ልማዷ፤ ጄኔሬተሩን ማለቷ ነው።

«አብዲሳ፣ አንተ ንገራት» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «እኔ አልችልም።»

አብዲሳ ነገራት፤ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይደብቅ። ውሃ ማጠጣቱ መቆም አለበት፤ አፈሩ ሲደርቅ ዙሪያው በሲሚንቶ ይነጠፋል፤ ለአበቦቹ ቦታ አይኖርም።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። «ቀድሞውንም መነጠፍ ነበረበት። እኛም አበባውን እያየን ደስ ሲለን ነው የከረምነው።»

ዮሃና ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከማዶ አንድ ሕፃን አለቀሰ።

አለም ልቅሶው ጋብ እስኪል አዳመጠች። ከዚያ ጎማውን ለሳና ሰጥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«እኔው ራሴ እነቅላቸዋለሁ፤ አሁኑኑ» አለች። «የሲሚንቶውን ማቡኪያ ውሃ ግን ከእኔ በቀር ማንም እንዳያመጣ።»