ሬሳው ይነሳ?

በቴአትሩ ውስጥ የኔ ሥራ ሬሳ መሆን ነው። ትምህርት አይጠይቅም፣ ተመችቶኛል። የዛን እሁድ ግን አዳራሹ ጢም ብሎ፣ እኔ ሳጥን ውስጥ ተጋድሜ፣ አልቃሽ ሆነው የሚሠሩት ሁሉ ለቅሷቸውን አቋርጠው ከመድረክ ወጡ። አድማ ነው! ሥራ አስኪያጁ ሐሙስ ዕለት እትዬ ዘርፌን አባርሯት ነበር፤ ልብስ የምታለብሰንን፣ እኔንም በየእሁዱ የምትከፍነኝን። የዛን ዕለት ራሴን በራሴ ነው የከፈንኩት። ስለ አድማው ማንም አልነገረኝም፤ አፌ አያርፍማ።

ከግራው መጋረጃ ኋላ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ፣ "ንቅንቅ እንዳትል! ከተነሳህ ቴአትሩን ያቋረጥከው አንተ ነህ፤ ነገ ሥራ የለህም" አለኝ።

ከቀኙ ደግሞ የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰው፣ "ተነስ አንተ! ከተኛህ አድማውን ያፈረስከው አንተ ነህ፤ ሁለተኛ አናውቅህም" አለኝ።

እነሱ ተጣልተው ጥፋተኛው ሬሳው! ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ይመላለሳል፣ ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ ተመልካቹ ማጉረምረም ጀምሯል። ዓይኔን እንኳን መግለጥ አልችልም።

ድንገት ከተመልካቹ መሀል አንዲት ሴት፣ "ኧረ የሰው ያለህ! ሬሳ ብቻውን ይተዋል?" ብላ እሪ አለች። ደረቷን እየደቃች መድረኩ ላይ ወጥታ ራስጌዬ ተቀመጠች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የአልቃሾቹ ኮቴ አንድ በአንድ ሲመለስ ሰማሁ።

ሴትየዋ እያለቀሰች የተጣመመውን ከፈኔን አስተካከለችና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

"አንተ ባለጌ፣" አለችኝ እትዬ ዘርፌ፣ "ካልሲህን ሳታወልቅ አትከፈን ብዬህ አልነበር?"