ስድስተኛው ቀዳዳ

ትንሹን ሽጉጥ ባንኮኒው ላይ መልሳ ትልቁን ስድስት ጎራሽ አነሳች። ኮቷ ውስጥ ሸጉጣው ወደ መስተዋቱ ዞረች፤ ጎኗ ላይ ምንም አልታየም።

«እትዬ ኮራ፣ ይሄ እኮ በቅሎ ነው፤ እጅዎን ይራገጣል» አለ ባለሱቁ ቨርሊን።

«ማታ ማታ ቤቴን የሚዞረው ድብ በረንዳዬ ላይ ወጥቶ ትንሹን ቢያይ ይስቅብኛል። ይልቅ እርግጫው ለስለስ ያለ ጥይት ፈልግልኝ።»

እየሳቀ አንድ ፓኮ አወረደላት፤ አጎራረሱን እንድትሞክር ደግሞ ባሩድ የሌላቸው ስድስት የመለማመጃ ጥይቶች ሰጣት። አምስቱን አጎረሰችና ባዶ የቀረውን ስድስተኛ ቀዳዳ ጥይቱን ከሚመታው መምቻ ፊት አድርጋ ዘጋችው።

«አንዱን ባዶ መተው ለድሮዎቹ ሽጉጦች ነው፤ ወድቀው እንዳይተኩሱ። ይሄ ስድስቱንም ቢጎርስ ስጋት የለውም። ሆይት ነው ያስለመደዎት?»

«ባሌ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚይዘው።»

ቨርሊን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን እዚያ ተራራ ላይ ብቻዎን ነዎት፣ እትዬ። ስድስቱም ያስፈልጉዎታል።»

ስድስተኛውን ጥይት መዳፏ ውስጥ እስኪሞቅ ያዘችው። ከዚያ አጎረሰችውና የጥይት መያዣውን በአውራ ጣቷ አሽከረከረችው። ሲቆም ጎንበስ ብላ አየችው፤ ባዶ የነበረው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።