በእሱ ቀጠሮ

«ትንሽ ይክፈቱልኝ» ትላለች ሐኪሟ፤ ቀጭኑን መለኪያ በድዴና በጥርሴ መሀል እያስገባች። ጣቶቿን አያለሁ። በጓንት ውስጥ እንኳ ያምራሉ። ከአፍ መሸፈኛዋ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿም እንደዚያው። ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች። እንደምታንስ ገና ሳላያት ወስኜ ነበር።

የመጣሁት በባለቤቴ ቀጠሮ ነው። ከሞተ ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን ስልኩን ቻርጅ ማድረግ አልተውኩም። ትናንት መልእክት ገባ፤ የድድ ክትትልዎ ነገ ጠዋት ነው ይላል። ከሥሩ የሴት ሐኪም ስም። ድዱን እንደሚታከም አላውቅም ነበር። ለሐኪሟ ሚስቱ ነኝ፣ በእሱ ፈንታ መጣሁ ብያታለሁ።

«እርስዎም ይደማዎታል» ትላለች። «ጤነኛ ድድ አይደማም። ይቺ የታችኛዋ ጥርስዎ ደግሞ መነቃነቅ ጀምራለች።»

«አያመኝም እኮ።»

«ክፋቱ እሱ ነው፤ ሳያም ነው የሚጎዳው። ደም ሲያዩ መቦረሽ ይተዋሉ አይደል?»

«እተዋለሁ።»

«ጋሼም እንደዚያው ነበሩ። ቆሻሻው ድዳቸው ሥር ገብቶ ድንጋይ ሆኖ።» ትስቃለች። «ደግሞ ፍርሃታቸው! ያን የሚያህል ሰው፣ ገና መብራቱን ሳበራው የወንበሩን እጀታ ጭምድድ!»

ባለቤቴ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። እሷ አይታዋለች። አፉን ከፍቶላት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተንጋሎ።

የታችኛውን ረድፍ ታጸዳለች። ተጉመጥምጬ ስተፋ ሳህኑ ይቀላል። የቀረውን በሌላ ቀን እንደምትጨርስ፣ ከተንከባከብኳት የምትነቃነቀዋ ጥርሴ ልትተርፍ እንደምትችል ነግራኝ ወንበሩን ቀና ታደርገዋለች። ፊት ለፊቴ ትቀመጥና በግራ እጄ መስተዋት፣ በቀኜ ለስላሳ ብሩሽ ታስይዘኛለች። ከዚያ እጇን በእጄ ላይ ትደርባለች።

«እንደ እርሳስ ይያዙት። ወደ ድዱ ጋደል... አይጫኑ። በትንሽ በትንሹ፣ ክብ ክብ።»

ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ በየማታው መስተዋት ፊት ቆሞ ብሩሹን እንዲህ ይይዝ ነበር፤ በየጥርሱ መሀል ክር ያስገባ ነበር። በዚህ ዕድሜው ለማን ነው የሚያምረው? ብዬ ነበር በልቤ። እሱ ሲተኛ የሸሚዙን ኮሌታ አሸት ነበር። የሳሙና ሽታ ብቻ።

እሱንም ያስተማረችው እጅ ይህችው ናት። እጄን ላወጣ እፈልጋለሁ፤ አላወጣም።

«ጋሼ ምነው ራሳቸው ቀሩ?»

ብነግራት እነዚያ ዓይኖች እንባ ያቀርራሉ። አታልቅስልኝ። ለእሱ የማለቅሰው እኔ ነኝ።

«አልተመቸውም» እላለሁ።

«ድዳቸውስ? ይደማል አሁን?»

«አይደማም።»

«ጎበዝ!» ደስታዋ ከልብ ነው። «እንደሳቸው የተጋ ታካሚ የለኝም። ለነገሩ ደሙ መቼ አሳስቧቸው! ወደዚህ ያመጧቸው እርስዎ ነዎት እኮ።»

«እኔ?»

«‹ሳወራት ፊቷን ታዞርብኛለች› አሉኝ። ‹ትንፋሼ ሸቷት ነው። ጨዋ ናት፣ ደፍራ አትነግረኝም።› እርግጥ ድድ ሲጎዳ ሽታ ያመጣል። ግን የሳቸው ድኖ ነበር። ባለፈው ሲመጡ ‹አሁንስ ባለቤትዎ ፊት ማዞሩን ተዉ?› ብላቸው፣ ‹ክሩን ልጨምርበት እንዴ?› ብቻ አሉኝ።»

ሸቶኝ አያውቅም።

ቀኝ ጆሮዬ ነው። መስማት እያቆመ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው። አረጀች እንዳይለኝ ደብቄዋለሁ። ሲያወራኝ ግራ ጆሮዬን ልሰጠው ፊቴን ወደ ቀኝ ዘወር አደርግ ነበር። አንዲት ቃሉ እንዳታመልጠኝ።

ይህን ለሐኪሟ አልነግራትም። እሷ ዘንድ ያለው የእሱ ነገር ይበቃታል።

ከመሳቢያ ሁለት አዳዲስ ብሩሾች ታወጣለች። «አንዱ የጋሼ ነው» ብላ ጭኔ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ቀጥላ ከመሸፈኛዋ ውስጥ አንድ ነገር ትላለች፣ በቀስታ። ለእሱ ሰላምታ ይሆናል። አልሰማሁትም።

«አቤት?» እላታለሁ። ሳላስበው ፊቴ ወደ ቀኝ ይዞራል።

መስተዋቱ አሁንም በእጄ ነው። በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ፤ ጉንጭና ጆሮ ብቻ፣ እሱ ያያት የነበረችው፣ አፍንጫዋን የሸሸገች ሴት።