«ምክንያት» የሚለው ዓምድ

ከመተማ በእግሩ የመጣው ሰውዬ በክር ያሰራቸውን ሁለት ጥንድ የልጅ ኮንጎ ጫማዎች መዝገቡ አጠገብ አስቀመጠ። አንዱ ጥንድ ከሌላው በጣት ያህል ይረዝማል። ሱዳን ውስጥ ያለው የኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ መዝጋቢ የሰውየውን ሚስት ስም አገኘው። ከስሟ ፊት ሦስት የሚለው የቤተሰብ ቁጥር በቀጭን መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ሁለት ተብሏል። «ጥር 1977» የሚለው ቀንም ፊርማውም የመዝጋቢው የራሱ ነበር።

«ሚስትህ ከአንድ ልጅ ጋር ወደ ፋው እርሻ ለጥጥ ለቀማ ሄዳለች» አለው።

«ልጆቹ ሁለት ናቸው እኮ፣ ጌታዬ።»

መዝጋቢው ዓይኑን ወደተሰረዘው ቁጥር መለሰ። በካምፑ ደንብ የቆየ ጽሑፍ አይፋቅም፤ እያንዳንዱ ለውጥ በማን፣ መቼና ለምን እንደተደረገ ይጻፋል። በዚያ ሳምንት ግን ለውጡ ስለበዛበት «ምክንያት» ከሚለው ዓምድ አናት ላይ «ኩፍኝ» ብሎ ጽፎ፣ ከዚያ እስከ ገጹ ግርጌ አንድ መስመር አስምሮ ነበር። የሠላሳ አንድ ቤተሰብ ለውጥ በዚያ አንድ መስመር ተጠቃለለ። የሞቱትን ልጆች ስም አልጻፈም።

ሰውየው ማንበብ ስለማይችል ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ይኼ ምን ይላል?»

«ኩፍኝ።»

«ከልጆቼ ማንን? ጋረደውን ነው ወይስ አምሳለን?»

መዝጋቢው ሴትዮዋን ሊያስታውስ ሞከረ። ትዝ ያለው በዚያ ሳምንት ከጽሕፈት ብዛት የተሰማው የእጁ ድካም ብቻ ነበር። «አላውቅም» አለ።

ሰውየው ክሩን ፈታው። ትንሹን ጥንድ ወደ መዝጋቢው ገፋ አደረገና መለሰው። ትልቁንም ገፋ አደረገና መለሰው። ከዚያ የትኛውን እንደሚተው ስላላወቀ ሁለቱንም እንደገና አንድ ላይ አሰራቸውና የፋው መኪና የት እንደሚቆም ጠየቀ።